በአየር ላይ የለካሁት

ዘንጉ ገባ፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላው አክስል የሚያደርሰው ዘንግ። የኋላዎቹ አራት ቡሎኖች በጣት ብቻ ጀመሩልኝ። መዶሻ አላስፈለገም፣ መግፋትም አላስፈለገም። ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተትበት ጫፍ ላይ አንድ ኢንች ያህል ክፍተት ተርፏል። የሚመከረውም ይኸው ነው። እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ከመኪናዋ ሥር ወጣሁና ልጄን “በቃ፣ ገጠመ” አልኩት።

ይህች “ገጠመ” የምትል ቃል ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ስትከነክነኝ ቆየች። ዘንጉ በእርግጥ ገጥሟል። ርዝመቱ ልክ ነው፣ ቡሎኑ ጠብቋል፣ የሚነካው ነገር የለም። መኪናዋ ግን ከ55 ማይል በላይ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች።

መኪናዋ የ1972 (እ.ኤ.አ.) ሼቭሮሌት ሲ 10 ነች፤ ባለ ረጅሙ ጭነት ሳጥን። የዚያ ቅርጽ የመጨረሻዋ ዓመት ነች። በ1973 የመጣው ሞዴል ፊቱም ሻንሲውም ሌላ ነው። እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ገዛኋት። እንደ አብዛኛው ሲ 10 ወዳጅ እኔም ኋላዋ ዝቅ ብሎ ማየት ፈለግኩ። አጭር ሞላ አስገባሁ፣ ለአክስሉ መነሻ ሻንሲው ላይ ቦታ ከፈትኩ፣ አክስሉን ከጎን የሚይዘውን ባርም በሚስተካከል ቀየርኩት። ኋላዋ 13 ሴንቲ ሜትር ወረደ። አቋሟ ያምራል፤ ዛሬም ደጅ ወጥቼ ቆሜ አያታለሁ።

መንቀጥቀጡ ግን ደስታዬን ወሰደው። ከመቀመጫው ሥር የሚመጣ ጉርምርምታ ነው፤ ጥርስ ላይ ይሰማል። አይ-225 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ልጄ “አባዬ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው መኪና ሁለት ሆነ” አለኝ። አየሁት። እውነቱን ነው። ከኋላችን ያለው መኪና መብራት እየተንዘረዘረ ሁለት ሆኖ ይታያል።

እዚያው መንገድ ላይ ማርሹን ለአፍታ ነጻ አደረግኩት። የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ጉርምርምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ከሞተሩ አይደለም፤ መኪናዋ ስትሮጥ ከሚዞር ነገር ነው። ጎማዎቹን አስመረመርኩ፤ ደህና ናቸው። በዘንጉ መጋጠሚያዎች ላይ ያሉትን ክሮቼራዎች በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ። ዘንጉን አውጥቼ ሚዛን ወደሚያስተካክል ሱቅ ወሰድኩት። ባለሙያው በማሽን አዙሮ አየውና “ይህ ዘንግ ቀጥ ያለ ነው፤ ሚዛኑም የተጠበቀ ነው” አለኝ። መልሼ አስገባሁት። አሁንም ገጠመ። አሁንም ተንቀጠቀጠ።

ብሩ ብዙም አላናደደኝም። ያደከመኝ የምጠረጥረው ነገር ማጣቴ ነው። ሁሉም ዕቃ ለየብቻው ጤነኛ ነው። ሲገናኙ ግን ይታመማሉ።

ትንሿ መስቀል

እዚህ አገር ዕቃ ስገዛ በእንግሊዝኛ ነው የማወራው። መኪና ሥር ስተኛ ግን አእምሮዬ የሚያስበው በኮምቦልቻው ጋራዥ ቋንቋ ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ባሌስትራ (ተደራራቢው ዝርግ ሞላ)፣ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት)፣ ዳዶ፣ ግራሶ። ጣሊያን ጥሏቸው የሄዱ፣ እኛ ደግሞ የራሳችን ያደረግናቸው ቃላት ናቸው። ከሁሉም የምወደው “ክሮቼራ” የሚለውን ነው። የመስቀል ቅርጽ ማለት ነው። ዕቃውም ትንሽ የብረት መስቀል ነው። አራት ክንድ አለው፤ በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ላይ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች ተደርድረዋል። ሁለት ዘንጎች ቀጥ ብለው ባይገናኙም አንዱ ሌላውን ማዞር የሚችለው በእሱ ነው። ብዙ አገር በጣሊያናዊው ጂሮላሞ ካርዳኖ ስም ካርዳን ይሉታል። እንግሊዞች ደግሞ በራሳቸው ሰው በሮበርት ሁክ ስም ይጠሩታል።

ይህች መስቀል አንድ ጠባይ አላት። ልጅ ሆኜ ግራሶ ስሞላላት ይህን አላውቅም ነበር። ታጥፋ ስትዞር የምታስተላልፈው ዙር እኩል አይደለም። የሚገባው ዘንግ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚወጣው በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። እጥፋቱ ትንሽ ከሆነ አይሰማም። ሲጨምር ግን ያንዘረዝራል።

በኋላው አክስል መሃል ያለው የኔ ዲፈረንሻል 3.73 ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 3.73 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በ60 ማይል ስሄድ ዘንጉ በደቂቃ ወደ 2,700 ጊዜ ይዞራል። ሁለቴ መፍጠንና መዘግየት ስላለ በየሰከንዱ 90 ያህል ምት ማለት ነው። መስታወቱን ሁለት ያደረገው እሱ ነው።

መድኃኒቱ ሁለተኛ ክሮቼራ ነው። የመጀመሪያዋ ያዛባችውን ሁለተኛዋ ታቃናዋለች። ግን ሁለቱ እኩል ሲታጠፉ፣ መስቀሎቹን የያዙት የዘንጉ ሹካዎችም በአንድ መስመር ሲሆኑ ብቻ ነው። አንዷ በ5 ዲግሪ ታጥፋ ሌላዋ በ1 ዲግሪ ብትታጠፍ፣ ሁለተኛዋ የምትመልሰው በጣም ጥቂቱን ነው። ደንቡ ቀላል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዲግሪ አይብለጥ፤ እያንዳንዷም ከ3 ዲግሪ በላይ ባትታጠፍ ይመረጣል። ፈጽሞ ቀጥ ማለትም ጥሩ አይደለም። መርፌዎቹ ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ እየመቱ ጎድጓዳ ይሠራሉ።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የሚያመኝም እሱ ነው። ሞላውን የቀየርኩ ቀን የዲግሪ መለኪያ ገዝቼ ለክቻለሁ። የካምቢዮው ጭራ 3 ዲግሪ ወደ ታች ያያል። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ 4 ዲግሪ ወደ ላይ ያያል። ልዩነቱ 1 ዲግሪ ነው፤ ደንቡ ውስጥ ነው። ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ከሥሩም “እሺ” ብዬ አሰመርኩበት።

“መሬት ላይ ነች?”

ጋሼ ዘንጌን አይተው አያውቁም። ሲ 10 የሚባል መኪናም በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ኮምቦልቻ ላይ የአሰብ መንገድ መኪኖች በሚገቡበት ጋራዥ ዋና መካኒክ ሳሉ እኔ ቁልፍ አቀባያቸው ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አንዳንድ ጊዜ በዋትስአፕ እደውልላቸዋለሁ። እኔ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን እሳቸው ጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ቡናቸውን ይዘው ነው የሚያወሩኝ።

ያን ምሽት ለሰላምታ ነበር የደወልኩት። ጤናቸውን ከጠየቅኩ በኋላ ግን አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሞላውን፣ ዘንጉን፣ ክሮቼራውን፣ የሚዛን ማሽኑን። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“ልጄ፣ ዲግሪውን ስትለካ መኪናዋ መሬት ላይ ነች ወይስ አየር ላይ?”

“ሻንሲዋን በማቆሚያ አንስቼ ነው ጋሼ። አለዚያ ሥሯ አልገባም። በጣም ወርዳለችኮ።”

“አክስሉስ?”

መልሱ አፌ ላይ ቀረ። አክስሉ ተንጠልጥሎ ነበር።

“እንግዲህ የተንጠለጠለች መኪና ነው የለካኸው” አሉ። ቁጣ የለበትም። ዱሮ ቁልፍ በግራ እጄ ስይዝ የሚያርሙኝ ድምፅ ነው። “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መኪና ወተቷን የምትሰጠው መሬት ላይ ቆማ ነው። አውርዳትና ለካ።”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ያ የመጀመሪያው ቅዳሜ ታወሰኝ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፣ በማግስቱ ለጓደኞቼ ላሳያት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ሁለት ቁጥር አንብቤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔም መንገድ ላይ፣ በ55 ማይል ተፈታብኝ።

እስኪነጋ መጠበቅ አልቻልኩም። ጋራዡ ውስጥ ወፋፍራም ጣውላዎች ነበሩ። በክሪክ አንድ በአንድ እያነሳሁ በአራቱም ጎማ ሥር ሁለት ሁለት ደረብኩ። አሁን መኪናዋ ከፍ ብላለች፤ ክብደቷ ግን ጎማዋ ላይ ነው። በፊትና በኋላ ደገፍኳት፤ ይህን ሳያደርጉ መግባት የለም። ጭነት ሳጥኑን በሁለት እጄ ደጋግሜ ጫን ጫን አደረግኩት፣ ሞላው ቦታውን እንዲይዝ። ከዚያ በጀርባዬ ተኝቼ ገባሁ።

የእጅ ባትሪውን ሳበራ፣ መለኪያውን ከማስቀመጤ በፊት በዓይኔ አየሁት። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ አያይም። ወደ መሬት ደፍቷል። ሁለት ወር ሙሉ ከላዩ ተቀምጬ ስነዳው የኖርኩት ነገር እዚያ አለ፤ ቀና ብሎ የሚያየው አጥቶ። መለኪያውን አስቀመጥኩ። 3 ዲግሪ ወደ ታች። ተንጠልጥሎ 4 ወደ ላይ ያለኝ ያው ብረት ነው። ሰባት ዲግሪ።

እዚያው ተኝቼ ብዙ ቆየሁ። ሲሚንቶው ጀርባዬን ቀዘቀዘው፤ መነሳት ግን አልፈለግኩም። አንድ ጥያቄ ይመላለስብኝ ጀመር። ይህን ያህል ከተሳሳትኩ ዘንጉ እንዴት ገጠመ? ርዝመቱ እንዴት ልክ ሆነ?

መልሱ ከፊቴ ነበር። በዚህች መኪና ላይ አክስሉን የሚይዘው ባሌስትራ አይደለም። ሁለት ረጃጅም ክንዶች ናቸው። ከአክስሉ ጋር በዩ ቦልት እንደ አንድ አካል ታስረዋል፤ ፊታቸው ሻንሲው መሃል ባለው ተሻጋሪ ብረት ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል። በጣም ጥሩ አሠራር ነው። በአሜሪካው የመኪና እሽቅድምድም በናስካር ዋናው ውድድር እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ኋላቸው ይህንኑ ዓይነት ክንድ የያዙ መኪኖች ሮጠዋል፤ ስሙም “ትራክ አርም” (የጭነት መኪና ክንድ) ነው። ክንዱ ሲነሳ ግን አክስሉን ይዞት ይዞራል። አንድ ሜትር ክንድ ጫፉ በ10 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ ወደ 6 ዲግሪ ይዞራል። የኔዎቹ ከዚያ ይረዝማሉ፤ መኪናዋ ከተንጠለጠለችበት ወደ መሬት ስትወርድ ደግሞ አክስሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሳል። ሰባቱ ዲግሪ ከዚያ መጣ። የክንዶቹ የኋላ ጫፍ ከአክስሉ ጋር ሲነሳ አፍንጫው ይደፋል፤ ሌላ ምርጫ የለውም።

የረጅሟ ሲ 10 ዘንግ ደግሞ ሁለት ክፍል ነው። አንድ ወጥ ረጅም ዘንግ በፍጥነት ሲዞር እንደሚዘለል ገመድ መሃሉ ይንገዋለላል፤ ስለዚህ ለሁለት ከፍለው መሃል ላይ በኩሽኔታ ይዘውታል። ያ የመሃል ኩሽኔታ የተሰቀለው ክንዶቹ ከሚዞሩበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ስለዚህ የኋላው ዘንግና ክንዶቹ ከሞላ ጎደል አንድ ማዕከል ዙሪያ ይዞራሉ። አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ርዝመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል። ለዚያ ነው በጣት የገባልኝ።

እጥፋቱ ግን አንድ ቦታ መውጣት አለበት። የዲፈረንሻሉን ክሮቼራ ለካሁ፤ 1 ዲግሪ ብቻ። ዘንጉና አፍንጫው አብረው ስለዞሩ እርስ በርስ አልተጣሉም። ከዚያ ወደ መሃል ሄድኩ። የፊተኛው ዘንግ 3 ዲግሪ ወደ ኋላ ይወርዳል። የኋለኛው ከኩሽኔታው ጀምሮ 2 ዲግሪ ወደ ኋላ ይወጣል። እጥፋቱ 5 ነው። እኔ ጫፍና ጫፉን ብቻ ነበር የለካሁት። ሸክሙ የወደቀው ማንም ባላየው በመሃሉ ላይ ነው።

እዚያ ተኝቼ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ ትንሽ ሐዘንም። ሰውየው ዘንጌን በማሽን አዙሮ “ደህና ነው” ሲለኝ በልቤ አላመንኩትም ነበር። ትክክል ነበር። ዕቃዎቹ ሁሉ ትክክል ነበሩ።

ሽብልቅና ሦስት ሴንቲ ሜትር

ጥገናው ከምርመራው ይልቅ አጭር ነው። በክንዶቹና በአክስሉ መካከል 4 ዲግሪ ሽብልቅ አስገባሁ። አፍንጫው 1 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና አለ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። እንዲያውም አፍንጫው ሲነሳ የዘንጉን ጫፍ ይዞ ስለሚነሳ የመሃሉን እጥፋት ያባብሰዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና “ሽብልቅ አስገብቼ ባሰብኝ” ይላል። የመሃል ኩሽኔታውንም ማንሳት ያስፈልጋል። ከወፍራም ላሜራ አዲስ መያዣ ቆርጬ በየድኩና 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግኩት።

ከዚህ በኋላ ሁሉንም እንደገና ለካሁ፤ በጣውላው ላይ፣ ክብደቷ ጎማዋ ላይ ሆኖ። ከካምቢዮው ጋ 1.7። መሃል 2.7። ከዲፈረንሻሉ ጋ 2.4። ሁሉም ከ3 በታች፣ የሚተያዩት ሁለቱም እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ዘንጉ በተሻጋሪው ብረት ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ እንዳይነካ ጣቴን ዙሪያውን አሳለፍኩ። ሁለቱን የዘንግ ክፍሎች ስለያይም የነበሩበትን ጥርስ በቀለም ምልክት አድርጌ ነበር። በአንድ ጥርስ ተሳስተው ከገቡ ሹካዎቹ ከመስመር ይወጣሉ፤ ያኔ የዲግሪው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

እሑድ ጠዋት ልጄን ይዤ አይ-225 ላይ ወጣሁ። 50። 55። እጄ መሪው ላይ ጠብቋል። 60 ላይ ልጄን አየሁት። መስታወቱን እያየ ነው።

“አንድ ነው” አለኝ።

ወዲያው ለጋሼ ደወልኩ። እሳቸው ጋ አመሻሽ ነበር። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ “እሰይ፣ እሰይ” አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው “ስትጭናትስ?” አሉኝ።

እውነትም ፒክአፕ ነች። ጭነት ሲገባባት ኋላዋ ይወርዳል፤ ኋላዋ ሲወርድ ክንዶቹ ይዞራሉ፤ አፍንጫውም እንደገና ይደፋል። ይህን ሁሉ ባወቅኩ በሳምንቱ አንድም ጭኜ አልለካሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዱ 36 ኪሎ የሚመዝን አሥር ከረጢት ኮንክሪት ገዝቼ ጫንኩ። የጓሮውን በረንዳ ለማደስ የሚያስፈልገኝም ነበር። ኋላዋ 5 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ጣውላው ላይ አወጣኋት፣ ገባሁ፣ ለካሁ። አፍንጫው ከ1 ዲግሪ በላይ ወደ ታች ደፍቷል። መሃል ያለው እጥፋት ወደ 5 ተመልሷል።

“ስንት አለ?” አሉኝ ጋሼ፣ ስልኩን ገና እንዳነሱት።

ነገርኳቸው።

“በዓመት ስንቴ ነው እንዲህ የምትጭናት?”

“ሁለቴ ቢሆን ነው።”

“እንግዲያው ባዶዋን አትንካት። ስትጭን ቀስ ብለህ ንዳ። አሸዋ ማመላለስ ከጀመርክ ያኔ ጠንካራ ሞላ እንፈልግላታለን።”

ከረጢቶቹን ይዤ በታችኛው መንገድ በቀስታ ወደ ቤት ስመለስ ጉርምርምታው አልነበረም። በዚያ ፍጥነት አይነሳም። ቤት ስደርስ የጓንት ሳጥኑን ክዳን ከፍቼ ከውስጥ በኩል በማርከር ጻፍኩበት፦ ባዶ 65፣ ጭነት 45። ልጄ ከሥሩ “ጋሼ” ብሎ ጨመረበት፤ እንደ ፊርማ።